ክረምት የማይዘጋው ስንጥቅ

የሰባ ስምንቱን ኅዳር ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። የማሽላ አገዳ ሲሰበር የሚሸተው ጣፋጭ ሽታ፣ ከአቧራና ከላብ ጋር ተደባልቆ። የቆላው ፀሐይ ኅዳርም ሆኖ አናት ይበሳል። እኛ ግን ከማማው አንወርድም፤ ግሪሳ ወፍ እንዳይወርድብን ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ወንጭፍ እያጮኽን እንውላለን። ከዚያ በፊት የነበረውን ዓመት ያየ ያውቀዋል። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ሴት ልጄን ከጀርባዬ ላይ ወስዶብኛል። ስለዚህ በዚያ ኅዳር አንድ የማሽላ ራስ መሬት ወድቆ ሳይ አንሥቼ እንደ ሕፃን ጉንጬ ላይ አስጠጋው ነበር። ሰው ደስታ ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ይቺን እንግዲህ ማንም አይወስድብኝም እያልኩ።

ወሰዱብኝ። እንዴት እንደወሰዱብኝ ለመናገር ግን ስለ መምህርት ትርንጎ መናገር አለብኝ፤ እሷን የሚያነሣት ሰው ስለጠፋ።

ትርንጎ የማጀቴ ከተማ ልጅ ናት። በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ማጀቴንና ካራቆሬን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። እሷ ውጭ ጥጃ እያሰረች፣ እናቷ የድንጋይ ቤት ውስጥ፤ ቤቱ ተደረመሰባት። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ "የኃጢአታችን ዋጋ ነው" ሲል እሷ "እናቴ ምን አደረገች?" እያለች ትጠይቃለች፤ አርፈሽ ተቀመጪ ይሏታል። ኋላ ትምህርት ቤት ስትገባ አንድ አስተማሪ የስምጥ ሸለቆን ካርታ ሰሌዳ ላይ ሣለና መሬት የምትንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ አስረዳ።

"ክፍል ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ" አለችኝ አንድ ቀን። "እናቴ ያን ቀን ነጻ ወጣችልኝ።"

ደብረ ብርሃን መምህርነት ተምራ ወደ እኛ ወደ ቀወት ተመደበች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸራ ጫማ የምታደርግ፤ የቀሚሷ ኪስ ሁልጊዜ በድንጋይ ክብደት የተቀደደ። ከተማሪዎቿ ጋር ወንዝ ለወንዝ እየዞረች ድንጋይ ትለቅማለች። የተከራየችው እትዬ ሐጂራ ግቢ ነበር። እትዬ ሐጂራ ባላቸው የሞተባቸው፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው፤ ከቤቷ ድንጋይ ሲጠርጉ፣

"አንቺ ልጅ፣ ባል አግቢ ብዬ ብዬ ሰለቸኝ። እንግዲህ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ምረጪና ልዳርሽ!" ይሏታል።

"ይሄኛው ባልጩት ይሻለኛል እትዬ፤ ሲያዩት ያበራል።"

"ሲቆርጥሽ ታውቂዋለሽ።"

እኔም የተዋወቅኋት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደል ያስያዘችኝ እሷ ናት። ከሥራ መልስ ሾላው ሥር እንሰበሰባለን፤ ፊደሉን ከጨረስን በኋላ ስለ ወባ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መሬት ታወራልናለች።

ታኅሣሥ ላይ መንደር ምሥረታ መጣብን። ጓድ አየለ የሚባል፣ ካኪ የለበሰ፣ የኛን አገር ሙቀት እንኳ ያልለመደ ካድሬ ገመድና ካስማ ይዞ መጣና ከየጉብታችን ውረዱ አለን። ቤታችንን በገዛ እጃችን አፈረስን። ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ የጣራውን ሣር ተሸክመን ከገደሉ ግርጌ ካለው ሜዳ ወርደን በገመዱ ልክ ተከልነው። ቤቱ በመስመር። የከብቱ በረት በመስመር። ደግሞ "የእህል ጉድጓዱም በመስመር!" አለ።

"ጓድ፣ ስንሞትስ?" አሉት እትዬ ሐጂራ።

"ስትሞቱ ምን?"

"መቃብሩንም አሁኑኑ ለኩልን እንጂ፣ ኋላ ጠማማ እንዳይሆን።"

ሰው ሳቀ። አየለ አልሳቀም።

የኛ አገር ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ውስጡ ገለባ ይነድበትና ይደርቃል፤ ማሽላው ይገባና አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ በጭቃና በእበት ይመረጋል። ደረቅ መሬት ከተገኘ ማሽላው ዓመትም ከዚያም በላይ ይቆያል። የድሮው ጉድጓዳችን ጉብታው ላይ ነበር፤ እንደ ብረት የጠነከረ መሬት ነው፤ አንዱን ለመቆፈር ወንዶቹ ይማረሩ ነበር። አዲሱ ሜዳ ላይ ግን ገመዱ በተዘረጋበት መስመር አካፋው ዝም ብሎ ይገባል። ባለቤቴ ደምሴ ማታ መጥቶ፣

"መሬቱ ቅቤ ነው!" አለኝ፤ ደስ ብሎት። "ድሮ በሳምንት የማናወጣውን ዛሬ አወጣነው።"

ለምን ቅቤ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁ፤ የደከመ ሰው መሬት ሲለሰልስለት ምን ብሎ ይጠይቃል!

ትርንጎ ያየችው ጉድጓዱ ተቆፍሮ ማሽላው ከገባበት በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመስመሩ ዳር ዳር ሄደች፤ ተመለሰች፤ ከዚያ በሆዷ ተኝታ እጇን ሣሩ መካከል ከተተች። በመስመሩ ውስጥ አንድ ስንጥቅ ነበረ። እኛም አይተነዋል። ግን ስንጥቅ ለኛ ምንድን ነው? ዋልካ መሬት በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ፍየል እግሯን ትሰብርበታለች፤ ልጅ ጫማውን ይጥልበታል፤ ዝናብ ሲመጣ ያብጥና ይዘጋል። ስንጥቅ የሚፈራ የቆላ ሰው አይቼ አላውቅም።

"ክረምት ይዘጋዋል መምህርት" አላት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘውዴ፤ እንደ ሕፃን እያባበለ።

"አይዘጋውም ጋሼ ዘውዴ። የዋልካ ስንጥቅ እንደ ኤሊ ጀርባ ነው፤ ወዲያም ወዲህም ይበታተናል። ይሄ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ይከተሉኝ።" ተከተልናት። ወደ ጫፉ ስንደርስ አፈሩ ያልቅና ዐለት ይጀምራል፤ ስንጥቁ ዐለቱንም ሰንጥቆ ያልፋል። "ዐለት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል? እጅዎን ያስገቡ እስቲ።"

ዘውዴ እጁን አስገባና ቶሎ አወጣው። ይሞቃል።

"ፀሐይ ነዋ" አለ።

"ፀሐይ ከሥር ትወጣለች?"

እጁን በልብሱ ጠራርጎ መንገዱን ቀጠለ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ አካሄዱ ነው። እጁ አውቆታል እኮ! አፉ ነው እምቢ ያለው።

በማግስቱ ሾላው ሥር ጠራችን። የእትዬ ሐጂራን የፍየል ቆዳ፣ ገና እርጥቡን፣ ፊቱን ጭቃ ቀብታ ጭቃው ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ ትታው ነበር። ደምሴንና አንድ ጎረምሳ ጠራችና በሁለት ወገን አስያዘቻቸው።

"የምድር ፊት እንዲህ ነው" አለች። "ከላይ ደረቅ ቅርፊት፣ ከሥር ትኩስ ዐለት፤ እንደ ቡኮ ቀስ ብሎ የሚሳብ። ቅርፊቱ ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም፤ ትልልቅ ቁራጭ ቁራጭ ነው፤ አገርም ባሕርም ተሸክሞ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ቁራጮቹ ይጋፋሉ፤ ሲጋፉ መሬቱ እየታጠፈ ተራራ ይሆናል፤ አንዱም አንዱ ሥር ይገባል። እኛ ጋ ግን ይለያያሉ። የኛ ደጋ በአንድ ወገን፣ ዐረብ አገር በአንድ ወገን፣ ሶማሌ በአንድ ወገን። መካከሉ አፋር ነው። እኛ ጠርዙ ላይ ነን። አሁን ቀስ ብላችሁ ሳቡ!"

ሳቡ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም።

"ጠንከር!"

ጭቃው ጧ! ብሎ ተሰነጠቀ፤ በሁለቱ ሳቢዎች መካከል አግድም። ደምሴ ሊወድቅ ተንገዳገደና ሰው ሳቀ።

"ሳቃችሁ? እሱ ነው የመሬት መንቀጥቀጥ" አለች ትርንጎ። "ይይዛል፣ ይይዛል፣ ዓመት ይይዛል፤ ከዚያ ባንድ ጊዜ ይለቃል። እንደገና ሳቡ።" እንደገና ሲስቡ ሌላ ስንጥቅ ወጣና በሁለቱ መካከል ያለው ጭቃ ዝቅ አለ፤ ጫፍና ጫፉ እንደ ገደል ቀረ። ጣቷን ዝቅ ያለው ላይ አደረገች። "ሮቢት ከተማችን እዚህ ነች። ይሄ ደግሞ ከራሳችን በላይ የቆመው ገደል ነው። ገደሉን ማንም አልሠራውም፤ እኛ ነን የወረድነው። ቆዳው በሳሳበት ደግሞ ከሥር ያለው ሙቀት ይቀርባል፤ ፍል ውሃው ለዚያ ነው። አልፎ ሲወጣ እሳተ ገሞራ ነው። ጥቁሩ ድንጋያችን ሁሉ ፈልቶ የወጣ ነው፤ ቶሎ የበረደው እንደ ጠርሙስ ባልጩት ሆነ፤ ቀስ ብሎ የበረደው እየተኮማተረ እንደ ምሰሶ ተሰነጠቀ።"

"ቆይ ቆይ" አሉ እትዬ ሐጂራ። "የሚስበው ማነው?"

"የሥሩ ሙቀት ነው እትዬ።"

"ሙቀቱንስ?"

"እሱን እንግዲህ… አላህ ያውቃል።"

"ታዲያ ቆዳዬን ሳታበላሺ እዚያው ትደርሺ አልነበረም?"

ሳቁ ሲያልቅ ትርንጎ ፊቷ ተለወጠ። "የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ማሽላውን ከዚያ መስመር አውጡት። ከጎተራ ክተቱት፤ ወይም ጉብታው ላይ የድሮው ጉድጓድ አለ። በስንጥቁ የሚወጣው እንፋሎት ያበቅለዋል፤ ያሻግተዋል። መሬቱ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ጨርሶ ይውጠዋል። የአምናውን ረሃብ ረስታችሁታል?"

ማን ይረሳል! ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ያን ቀን አየለ ባይመጣ ኖሮ በማግስቱ ማውጣት እንጀምር ነበር።

ግን መጣ። ነገሩን ሰምቶ ነው የመጣው።

"ጓዲት መምህርት፣ ሕዝቡን ምን እያልሽ ነው?"

"ጉድጓዱ ያለቦታው ነው እያልኩ ነው።"

"መስመሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። አምስት እርምጃ ወደ ጉብታው ብታወጣው ደግሞ ማንም አይወቅስህም።"

"ከበላይ እንግዶች መጥተው ይሄን መንደር ሊጎበኙ ነው። መስመሩ አይነካም። ከእንግዲህ መሬት ሊከፈት ነው፣ እሳት ሊወጣ ነው የሚል ወሬ የሰማሁ እንደሆነ ሕዝብ ማሸበር ብዬ ነው የምይዘው!" ከዚያ ወደኛ ዞረ። "ጉድጓድ ያለ ፈቃድ የሚከፍት የለም።"

በማግስቱ ጠመንጃ የያዘ ዘብ መስመሩ ላይ ቆመ። በገዛ ማሽላችን ላይ! ወፉን በወንጭፍ ስንጠብቅ የከረምንበትን፣ ልጄን ቀብሬ ያበቀልሁትን፣ ሌላ ሰው በጥይት ሊጠብቀው። ደምሴን "ሂድና ክፈት" አልሁት። "ልታስገድይኝ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ትርንጎ አልተወችውም። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት በመስመሩ እያለፈች በየጉድጓዱ አፍ የተመረገውን ጭቃ በእጇ ትዳስሳለች። ዘቡ ሲያባርራት ትሄዳለች፤ በማግስቱ ትመለሳለች። አንድ ጠዋት ከእትዬ ሐጂራ ጉድጓድ ክዳን ሥር አረንጓዴ ሣር በቅሎ አገኘች፤ በዚያ በጋ። ለእትዬ ሐጂራ ነገረቻቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው አየለ ዘንድ ሄዱ።

"ጓድ፣ ለሟቹ ባሌ ሰደቃ ላወጣ ነው። ጉድጓዴን አስከፍተኝ።"

"ከእንግዶቹ በኋላ።"

"ሟች ቀጠሮ ያውቃል? ሃይማኖት ሁሉ እኩል ነው ያልኸን ስብሰባ ላይ አንተው አይደለህም? ወይስ እኔ ነኝ ያለምኩት?"

ዘቡን ጠርቶ ልቀቃቸው አለው። ተከፈተ። አየሩ እንዲወጣ ተጠብቆ ሰው ገባበት። መካከሉ ያለው ማሽላ ደህና ነበር፤ በስንጥቁ በኩል ያለው ግን ጥቁር ሆኖ፣ በቅሎ፣ እንደ ጓል ተያይዞ፣ ሲነኩት ይሞቃል። እትዬ ሐጂራ አንድ እፍኝ ይዘው አየለ አፍንጫ ሥር አደረጉለት።

"አሽትት እስቲ።"

"ሳይደርቅ ነው ያስገባሽው።"

"ጡት ሳልጥል ጀምሮ ማሽላ የማስገባ ሴት ነኝ! አንተ ማሽላ አይተህ ታውቃለህ?"

የእሳቸው ወጣ፤ ደህናው ተለይቶ ከጎተራ ገባ። የሌላው ሰው አይከፈትም ተባለ። ትርንጎ ሮቢት ከተማ ድረስ ሄዳ የሚሰማት ቢሮ ፈለገች። አንዱ ወደ አንዱ መራት፤ ሁሉም "በካድሬው በኩል ይምጣ" አሉ። ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ፣

"እቴነሽ፣ ሰሙኝ እኮ" አለችኝ። "አልገባንም ያለኝ አንድ ሰው የለም።"

ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መጣ። መጀመሪያ ከሥር የከባድ መኪና ድምፅ። ከዚያ መሬቱ እግሬን ለቀቀኝ። ቤቶቹ እንጨትና ሣር ስለነበሩ ተወዛወዙ እንጂ አልወደቁም፤ ከገደሉ ድንጋይ ተንከባለለ፤ የሞተ ሰው ግን የለም። ጸጥ ሲል ሁላችንም ወደ መስመሩ ሮጥን። ስንጥቁ ተከፍቷል። የጉድጓዶቹ ክዳን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሆዳቸው ተቀድዶ፣ በአንዳንዱ ትኩስ ውሃ እየተንፈቀፈቀ፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ማሽላው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ደምሴ እንቅብ ይዞ ሊወርድ ሲል ትርንጎ ከየት መጣች ሳልል ከኋላው ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው።

"አትግባ! አየሩ ይገድላል!"

"ልቀቂኝ! ማሽላዬ ነው!"

"ሚስትህ ዘንድሮ ደግሞ አንተን ትቅበር?"

ያኔ ቆመ። መሬት ተቀምጦ አለቀሰ። ባሌ ልጃችን ስትሞት አላለቀሰም ነበር። ከአፍ ከአፉ ላይ የምንችለውን በእጃችን ዘገንን፤ ያንንም ስናሰጣው ግማሹ ሻገተ። የቀረው መንደር ሁሉ የከረመው በእትዬ ሐጂራ ጎተራና በእርዳታ ስንዴ ነው።

ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። አየለ ንግግሩን ጽፎ መጥቶ ነበር። "አሻጥር" አለ። "ጉድጓዶቹ ሆን ተብሎ ውሃ ገብቶባቸዋል። ይሄ እንደሚሆን ቀድሞ የሚያውቅ ማን ነበር?"

ሁሉም ወደ አንድ ቦታ አየ።

እኔ ተነሣሁ። "ጓድ፣ ይዘንባል ያለ ሰው ዝናቡን አመጣው ማለት ነው? መሬቷን እሷ ናት የነቀነቀችው?"

"ያንቺ ባል ማነው?"

"ባሌ ምን አደረገህ፣ እኔን ነው የምትጠይቀው!"

ደምሴ ቀሚሴን ጎተተኝ። እትዬ ሐጂራም ተነሡ። "የኔን የተበላሸ ማሽላ አሽትተሃል። አፍንጫህን ጥራውና ይመስክር!" ዘበኞቹ አስቀመጧቸው። ከዚያ ዘውዴ ተጠየቀ። እጁን ስንጥቅ ውስጥ ያስገባው ዘውዴ። "እንግዲህ… መምህርት በየጠዋቱ ጉድጓዶቹ አጠገብ ስትዞር ትታይ ነበር" አለ። ውሸት አልተናገረም። ለዚህ ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ውሸት ቢሆን ፈርቶ ነው እል ነበር፤ እሱ ግን እውነቱን ቆርሶ ሰጣቸው።

ጥፋተኛ ናት የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። እጆች ወጡ። በተቀደደው ጉድጓድ አፍ ላይ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ሰዎች እጆች። ትርንጎ ቆማ አየቻቸው።

"ስንጥቁ አላለቀለትም" አለች። "አዲሱን ጉድጓድ ጉብታው ላይ ቆፍሩት። ቤት ስትሠሩም ድንጋይ አትከምሩበት፤ እንጨትና ሣር ይሁን።"

ላንድሮቨር ላይ ጫኗት። አየለ በሁለተኛው ሳምንት እንግዶቹን ተቀበለ፤ መስመሩን አፈር አልብሶ።

አሁን አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ስለ ስምጥ ሸለቆ፣ ስለሚለያየው የምድር ቅርፊት ያወራል። ልጆቼ "እማዬ፣ ስሚ፣ ጉድ እኮ ነው!" ይሉኛል። እሰማለሁ። በደህና ድምፅ፣ በክብር፣ ማንም ሳያቋርጠው የሚናገረውን ሰው እሰማና ደሜ ይፈላል። ያን ሁሉ በፍየል ቆዳ አይተነዋል። ጉዱ መሬቷ አልነበረችም። መሬቷ እንደ ተፈጥሮዋ ነው የሆነችው፤ ጉዱ ገመድ ይዞ በላይዋ የቆመው ሰው ነው እንጂ።

ሰማንያ ሁለት ላይ መንደሩ ፈረሰና ሁሉም ወደየጉብታው ተመለሰ። ጉድጓዱም ጉብታው ላይ ተቆፈረ። በማን ምክር እንደሆነ የሚናገር የለም።

ትርንጎ ከሁለት ዓመት ያህል እስር በኋላ ተፈትታለች፤ ማስተማር ግን ተከልክላለች። ለመጨረሻ ጊዜ ያያት የእትዬ ሐጂራ የወንድም ልጅ አብዱሰላም ነው፤ በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መተሐራ ከተማ። አንዲት ክፍል ተከራይታ የሸንኮራ ሠራተኞችን ልጆች ታስጠና ነበር። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለች አላውቅም።